የመሸበት ተማሪ

በ2011 ዓ.ም. በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት እኛ አራት ተማሪዎች ከባሕር ዳር ተነሥተን በአዴት፣ በሞጣ፣ በግንደ ወይን፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርገን እስከ ደጀን በብስክሌት ተጓዝን። ስለ ዳገቱና ስለ ጎማው መተንፈስ ብንዘረዝር አንባቢ ይሰለቻል። ስለዚህ የምናወጋው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማታ ማታ የት እንዳደርን ነው።

በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው በዚህ ብዙ አይጨነቅም። ከተማ ተሳፍሮ ከተማ ይወርዳል፤ ሞጣም ሆነ ቢቸና «አልጋ አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ከፍሎ ይተኛል። ብስክሌተኛ ግን እንደ ጥንቱ እግረኛና እንደ ባለ በቅሎው ነው። ጉልበቱ የሚያልቀውና ጀምበር የምትጠልቅበት በሁለት ከተሞች መካከል፣ የሚከራይ አልጋ በሌለበት ስፍራ ነው።

በውጭ አገር ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። ዋርምሻወርስ የሚባል የብስክሌተኞች ማኅበር አለ፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው ያለ ክፍያ ይቀባበላሉ። እንግዳው ግን አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል። በምሥራቅ ጎጃም ያገኘነው ሥርዐት መዝገብ የለውም። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን፤ አሳድሩን» ማለት ነው። «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፤ ይገባል።

ይሁን እንጂ የራሱ ደንብ አለው። አንደኛ፣ ባለቤቱ ፊታችንን እንዲያይ ጨለማ ሳይወርድ መድረስ ይገባል። ሁለተኛ፣ ውሻው እስኪያዝ ድረስ ደጁ አይታለፍም። ሦስተኛ፣ «ከየት መጣችሁ? ወዴት ናችሁ? የማን ልጆች ናችሁ?» ሲባል አጣርቶ መመለስ ነው። የመንገደኛ ኪራይ ይኸው ነው። ገንዘብ መዘርጋት ግን ባለቤቱን ማስቀየም ስለ ሆነ እኛ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ እንሰጥ ነበር።

ከሞጣ አልፈን ግንደ ወይን ሳንደርስ የመሸብን ዕለት የተቀበሉን ሽማግሌ «ምን ሠራተኞች ናችሁ?» አሉን። «ተማሪዎች ነን» ብንል ፊታቸው በራ። «ተማሪ ከሆናችሁማ ቤታችሁ ነው፤ ግቡ» አሉ። በዚያ አገር ይህ ቃል ክብደት አለው። በቢቸና አቅራቢያ ያለውን ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ ደብሮች ያስተማሩት የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሰጠው ይኸው ገበሬ ነው። እኛ ቅኔ ሳንቆጥር የዚያን ተማሪ ውርስ በላን። እግራችን ታጠበ፣ እንጀራ ቀረበ፣ ብስክሌቶቻችን ከጥጆቹ ጋር ገቡ፤ መደቡ ለእኛ ተለቆ ባለቤቶቹ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተኙ።

ጠዋት ስንሰናበት ሽማግሌው እንዲህ አሉን፦ «አምና ባለቤቴን ለማሳከም ከተማ ሄጄ ሦስት ሌሊት አጥር ሥር አደርሁ። አሳድሩኝ ብል ሰው ሁሉ ዘወር ይላል። ልጆቼ፣ እናንተ ስትሾሙ እኛ የት ነው የምናድረው?»

ከአራታችን መልስ ያገኘ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ በኋላ፣ ሲመሽ ደጅ ላይ የሚቆም እንግዳ የሚያስፈራ ሆነ፤ ገበሬውም አላመነም ተብሎ አይወቀስም። ስለዚህ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ የእኛን መንገድ ተከተሉ አንላችሁም። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ ወደ ጎጃም መሄድን አይጠይቅም፤ የሚመለሰው እዚሁ በከተማ ነው።

እኛ ዛሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሰን ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተናል። እንደ እኛ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አንድ ትርፍ ፍራሽ ግድግዳ ላይ ቢቆም ስፍራ አያጣብብም። የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ደብተር ቢከፍት፣ ከገጠር ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጣን ሰው ሁለትና ሦስት ሌሊት ማሳደር የሚችል ተማሪ ስሙንና ሰፈሩን ቢያስመዘግብ፣ ወጪው የደብተሩ ዋጋ ብቻ ነው። በልተን የወጣነው የሰው እንጀራ ነውና ይህ ቸርነት ሊባል አይገባም፤ ዕዳ መክፈል ነው። የእኛ የአራታችን ስም በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ።