በኪሎ የሄደው ገንቦ

ውርጌሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ፣ አክስቴ ለልጃቸው ቤት ለመሥራት መሠረት ሲያስቆፍሩ አንድ ገንቦ ሙሉ ብር ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው በሚዛን ተሸጦ አለቀ። እኔ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል።

ይህን ያጫወትኩት ሰው ሁሉ ቁጭቴ በገንዘቡ ይመስለዋል። ገንዘቡስ ለቁም ነገር ውሏል። ቤቱ ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ ለአክስቴ እሰየው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ገንቦው ውስጥ ምን እንደነበረ አንድ ሰው እንኳ ሳያየው መሄዱ ነው። የመዘነው አለ፣ ያየው ግን የለም።

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ ያለች ከተማ ናት። ወሎ በታመሰ ቁጥር ይህ መስመር አብሮ ይታመሳል። በ1909 ዓ.ም. የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ሲማረኩ አገሩ ጌታ አልባ ሆኖ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የማይጨው ጦር ከተፈታ በኋላ የጣሊያን ጦር ከሰሜን ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ብር ያለው ሰው ብሩን ለመሬት አደራ ይሰጣል፤ ተመልሶ ካላወጣውም ወይ ሞቷል፣ ወይ ተሰዷል። የአክስቴ ገንቦ ከነዚህ በየትኛው ዘመን ተቀበረ? ብሮቹ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

ጠገራ ብር ከሞላ ጎደል ሁሉም ላዩ ላይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለበት። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሁሉም አንድ ነው» ይላል። አንድ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተመታው ኦስትሪያ ነው። በ1935 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ የመምቻውን መብትና ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ያትመው ጀመር። እንግሊዞች ደግሞ ለንደን ላይ፣ ቀጥሎም እኛን ነጻ ለማውጣት ሲዘምቱ ቦምቤይ ላይ መቱት። ፓሪስና ብራስልስም መትተውታል። ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ካለው ጌጥ፣ ከንስሩ የጅራት ላባና ከዓመቱ ቀጥሎ ካለው ትንሽ ምልክት የየትኛው አገር ምት እንደሆነ ይለያል። ገንቦው ውስጥ የሮም ምት ካለ የተቀበረው ከወረራው ወዲህ ነው። የቦምቤይ ምት ካለበት ደግሞ ባለቤቱ ጣሊያን ሲወጣ በሕይወት ነበረ፣ ብሩንም የቀበረው ሌላ ነገር ፈርቶ ነው ማለት ነው። አንድም የኋላ ምት ካልተገኘበት ወደ ሰገሌ ዘመን እንጠጋ ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ አጉሊ መነጽር ብቻ ነው።

አያቶቻችን ይህን ዓይን ነበራቸው። ፊደሉን ማንበብ ባይችሉም በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ፈልገው፣ ቆጥረው፣ ዳሩን በጣታቸው ዳስሰው ነበር ብሩን የሚቀበሉት። ጌጡ የፈዘዘበትን ብር ገበያ ላይ አንቀበልም ብለው የመለሱ ሰዎች ናቸው። እነሱ አንድ በአንድ አይተው ያጠራቀሙትን እኛ በጅምላ ሰጠነው።

ወሬውን ሰምቼ ስሄድ አክስቴን ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ምን ነበረበት?»

«ሴትዮዋ ያለችበት ነው የሚበዛው። አንበሳ ያለበትም ነበረ።»

«አንበሳው ስንት ይሆናል?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፣ ሰፌድ ላይ ነው የዘረገፍነው። ጠቁሮ ስለነበር በአመድና በሎሚ ፈትገን አጠብነው። ሲያብለጨልጭ ብታየው!»

ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ያውቀዋል። በአመድ የተፈተገ ብር ቆዳው እንደተላጠ ነው። ግን እሱንም እሺ ልበል፤ ቢያንስ ምስሉ ይቀራል።

ይበልጥ ያቃጠለኝ አንበሳው ነው። የምኒልክ ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተመታ ነው፤ ሙሉው፣ አላዱ (ግማሽ ብሩ)፣ ሩቡና ግርሹ። በመጀመሪያዎቹ ብሮች ላይ አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል፣ በኋለኞቹ ቀኝ እግሩን። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ገንዘብ ጠገራውን እንዲተካ ብዙ ጥረዋል፤ ገበሬው ግን ከለመደው ማርትሬዛ አልላቀቅም ስላለ የአንበሳው ብር ከመሀል አገር ርቆ እንደልቡ አልተሠራበትም። እንግዲህ ውርጌሳ ላይ ከጠገራ ጋር ተደባልቆ የተቀበረ የአንበሳ ብር ምን ይናገራል? ባለቤቱ ሸዋ ድረስ የሚወርድ ነጋዴ ነበር? ደመወዝ የተቀበለ ወታደር? ከአሥሩ አንዱ አንበሳ ከሆነ አንድ ታሪክ ነው፣ ግማሹ ከሆነ ፍጹም ሌላ ታሪክ። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ኪሎ ለመሙላት 36 ይበቃል። የምኒልኩም ሙሉ ብር ክብደቱ ያው ነው። ስለዚህ ከ36ቱ አምስቱ አንበሳ ቢሆኑ፣ ሃያው አንበሳ ቢሆኑ፣ ሚዛኑ ልዩነቱን አያውቀውም። ገዢውም አልጠየቀም።

ከዚያ ደግሞ አክስቴ እንደ ዋዛ፣ «ትንንሽ ጥቋቁርም ነበረበት፣ እሱን ልጆቹ ተጫወቱበት» አሉኝ። ጥፍር የምታህል ክብ ነገር ናት አሉ። ግርሽ ትሆናለች ብዬ ገመትኩ፤ ብር ስለሆነች ትጠቁራለች፣ ከአንድ ግራም ተኩል አትበልጥም። ግምት ነው። ልጆቹን ጠየቅኋቸው፣ ግቢውን ከነሱ ጋር ዞርን፣ አንዲትም አልተገኘችም።

ሌላም አለ። የአክስቴ የልጅ ልጅ የዚያን ዕለት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ነበር። ልቤ ዘለለ። ስልኩን ሲሰጠኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁፋሮው አለ፣ ዶማ ይዘው የሚስቁት ጎረምሶች አሉ፣ የተሰበረው ገንቦ አፍ አለ። ሰፌዱ ከአንድ ፎቶ ጥግ ላይ ግማሹ ይታያል፣ ብሩ ተከምሮበታል፣ ግን ፀሐይ አርፎበት ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ባጎላው ባሳንሰው አንድ ፊት፣ አንድ የአንበሳ ጭራ አልለይም። አንድ እርምጃ ጠጋ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደስታ ነበር።

የተቀበረ ገንዘብ ሳይበተን ሲታይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ማየት ነው። የመን ውስጥ አል ማድሃሪባ በሚባል ቦታ አንድ ክምችት ተገኝቶ ነበር። ውስጡ 868 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማውያን ወርቅ ጋር ተደባልቀው ተገኙ፤ ስቱዋርት መንሮ ሄይ የተባለው የአክሱም ታሪክ አጥኚ አንድ በአንድ አይቶ በ1989 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አሳተመው። ከእንዲህ ያለው ሥራ ነው ንጉሥ ከንጉሥ የሚቀድመው፣ የወርቁ መጠን የሚቀንሰው፣ የየትኛው ዘመን ንግድ የት እንደደረሰ የሚታወቀው። አፊላስንና ዋዜባን የመሳሰሉ የአክሱም ነገሥታት ስማቸው የተረፈልን በሳንቲሞቻቸው ነው። ያ ወርቅም በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ ያው ወርቅ ነበር።

የኛው ገንቦ የአክሱም ወርቅ አልነበረም፤ የትናንት ብር ነው። ነገር ግን የውርጌሳ ገበሬና ነጋዴ የትናንት ታሪክ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፎ ነው? የነገሥታቱ ተጽፏል። የዚህ ቆላ ሰው ምን ሸጦ ምን እንዳጠራቀመ፣ ማንን ፈርቶ እንደቀበረ የሚነግረን ከመሬት የሚወጣው ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቤት ሲሠራም ሆነ መንገድ ሲቆፈር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ጠብቆ እንዲያሳውቅ ተደንግጓል። አክስቴ ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ቢነገራቸውስ? ቤት የጀመረ ድሃ ሰው ብሩን አስቀምጦ መልስ ይጠብቅ ማለት ይከብዳል፤ እኔም ጠብቁ ብዬ አልፈርድባቸውም። ግን መሸጥና ማየት አይጣሉም። ሰፌዱ ላይ እንዳለ ሴትዮዋን ለብቻ፣ አንበሳውን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ አድርጎ መቁጠር፤ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ማንሣት፤ ከዚያ ይሸጥ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ለዚህ ይበቃ ነበር።

ብሩ ከዚያ ወዴት ሄደ? አንጥረኛ ቤት ገብቶ ከሆነ ቀልጦ መስቀል፣ አምባር ወይም ጉትቻ ሆኗል። በዚህ አገር አብዛኛው ጠገራ የሄደው በዚያው መንገድ ነው፤ የእናቶቻችን ድሪም ከሱ የተሠራ ነው፤ እሱን አልነቅፍም። ገዢውን ለማግኘት ያልጠየቅሁት ሰው የለም። «ከወዲያ የመጣ ነው» ከማለት በስተቀር ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።

ስመለስ አክስቴ እስከ መንገድ ሸኙኝ። ፊቴን አይተው ኖሮ፣ «ምን ሆነሃል ልጄ፣ ብሩን ነው እንጂ ወሬውን ማን ይገዛናል ብለን ነው» አሉኝ።

እኔ እገዛዎት ነበር። ብሩን ይሽጡት፣ ወሬውን ግን ከሚዛኑ በላይ ከፍዬ እገዛዎት ነበር።