የአንኮበሯ «ኖር»

ከላም በረት በማለዳ የተነሳ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰው ረፋዱ ላይ ነው፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ አንኮበር የሚቀረው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ሌላ ዓለም ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ገብስና ባቄላው ሜዳውን ሸፍኖታል፤ በርኖስ የደረቡ ሰዎች ከበጎቻቸው ኋላ ኋላ ያዘግማሉ። ድንገት ሜዳው ያልቅና ገደሉ፣ ከገደሉም ማዶ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። አጤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዝለቃቸው በፊት የሸዋ መናገሻ የነበረው አንኮበር እዚያ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የ11 ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ የሄድኩት ግን አገር ለማየት አልነበረም፤ የባለቤቴን አክስት ልንጠይቅ ነው። እማማ 80 ዓመት አልፏቸዋል። መንገዱን ሙሉ ልጁን ሳሠለጥን ሄድኩ። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫህ ተነስ። እጅ ስትሰጥ ቀኝህን በግራህ ደገፍ አድርግ። ሰውየው ምግብ ላይ ከሆነ ክንዱን ይሰጥሃል፤ ክንዱን ያዝ። ሥራ ላይ ባለ ሰው አጠገብ ስታልፍ «እግዜር ያበርታ» በል።

«አያዬ፣ ሰላም ብል አይበቃም?» አለኝ። አያት የሆናችሁ መልሱን ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔስ ዝም አልኩ።

ደጅ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» ስል ከውስጥ «ደጆች!» ተባለ። ልጁ ሳቀ። እንደገባን እማማ «ኖር!» ብለው ከመደቡ ብድግ አሉ። «በእግዜር! ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» ብልም አልሰሙኝም። ከዚያ ሰላምታው ቀጠለ። እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። እሳቸውም ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ።

ሥራ ስጀምር ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሳለሁ ወረፋው በዝቶብኝ እናቴን የሚያህሉ ሴት «ምንሽን ነው የሚያምሽ? ቶሎ በይ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ደህና ነኝ» አሉ። ካርዳቸውን ይዘው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡም። ስማቸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታን ከምርመራው አስቀድም ነበር። ሰው ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሲመልስ እኮ ትንፋሹን፣ ዓይኑን፣ አቀማመጡን ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

ጠላ ቀረበ። የምታሳልፈው ልጅ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። የልጅ ልጄ «ለምን ከሰው ትጠጣለች?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት ለእንግዳው ማሳየቷ መሆኑን ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና እጅጌዬን ጎተተ።

«አያዬ፣ ቅድም ስትነሳ እኮ በአንድ እግሯ ብቻ ነው የቆመችው።»

«‹ሲነሱ› በል፤ ‹የቆሙት› በል» አልኩት። አንደበቱን አርሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያለውን የሰማሁት። ነርሷ እኔ፣ ያየው እሱ!

ጠየቅኳቸው። «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ እርጅና ነው እንጂ» አሉ። እንግዳ ፊት እግርን ገልጦ ማሳየት ለእሳቸው ነውር ነው፤ ደጋግሜ ብጠይቅም ይከፋቸዋል። በዚያ ቤት የመንገደኛ እግር ማጠብ ገና አልቀረምና ለብ ያለ ውሃ ቀርቦልኝ ነበር። «እኔ በመኪና ነው የመጣሁት፤ እግሬ መንገድ አላየም። ይልቅ እኔ አጥቤዎት ይመርቁኝ» አልኳቸው። «እንግዳ ያጥባል እንዴ!» ብለው ተቆጡ። ሳቁ። በመጨረሻ እግራቸውን ሰጡኝ።

ተረከዛቸው ላይ ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበረ። ስነካው ፊታቸው እንኳን አልተለወጠም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ የማያምም ቁስል ነው። ስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ሰው እሾህ ወግቶት ሳያውቅ ይከርማል። መቼ እንደጀመራቸው ስጠይቅ ከፋሲካ ወዲህ ነው አሉ። ለማንም አልተናገሩም። የመጣው ጠያቂ ሁሉ «ደህና ነዎት ወይ?» ይላል፤ ለዚያ ደግሞ መልሱ አንድ ነው።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም ወዳለንበት ክፍል ሲገባ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የታመመውን እግር መሬት ሳያስነኩ «ኖር!» ብለው ከወንበሩ ተነሱ። ልጁ ፈጥኖ ክንዳቸውን ደገፈ። ሐኪሙም ትከሻቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸውና «በእግዜር፣ እማማ» አላቸው።