ቂብላ ያለው ፈሳሽ



ሉማሜ ደጋ ናት፤ ለሱብሂ የሚወጣ ሰው ጋቢውን ደርቦ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። በዚህ መንገድ የምንመላለስ የሉማሜ ልጆች ሁለቱንም እናውቃለን። በውርጭ ሌሊት የዲጂታል ተስቢሃችን ቁጥር ደብዘዝ ይላል፤ ሲቀየርም ይዘገያል። በበጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ሰዓት ወይም ካልኩሌተር ደግሞ ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል። ጠጋኝ ዘንድ ቢወሰድ «ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚል አይጠፋም። ከትንሽ ሱቅ ልጆቿን ለምታስተምር እናት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ስክሪኑ ውስጥ ያለው ነገር ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። ሞለኪውሎቹ እንደ ዱላ ረዘም ያሉ ናቸው። በጠጣር ክሪስታል ውስጥ የእያንዳንዱ ቦታም አቅጣጫም የተወሰነ ነው፤ በተራ ፈሳሽ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ፈሳሽ ክሪስታል በመሃል ነው። ለመድረሳ ልጅ ምሳሌው ቅርብ ነው፦ ለዒድ ሜዳ የወጣ ሕዝብ ቦታ እየቀያየረም ቢሆን ፊቱ ሁሉ ወደ ቂብላ ከሆነ፣ ኔማቲክ የሚባለው ደረጃ እሱን ይመስላል። ሶፍ ይዞ ሲቆም ስሜክቲክ ነው። ሶላቱ አልቆ ወደየቤቱ ሲበተን ተራ ፈሳሽ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ግኝት ባለቤት ተብሎ የሚጠቀሰው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ከኮሌስትሮል የተገኘ አንድ ውህድ ሲያሞቅ፣ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ድፍርስ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ድፍርሱ ጠራ። ጀርመናዊው ኦቶ ሌማን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ፈሳሽም ክሪስታልም መሆኑን አስረዳ።

የሞለኪውሎቹ ሥርዓት በቁጥር ይለካል፦ 1 ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ፣ 0 ሁሉም ሲበተኑ። ኔማቲክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.8 ነው። ሙቀት ሲጨምር ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ፈሳሹ የሚጠራበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን በአንዴ 0 ይሆናል። ብርሃንም ይህንኑ ይከተላል። በሞለኪውሎቹ ቁመት አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንና በወርዳቸው የሚርገበገብ ብርሃን የተለያየ ፍጥነት አላቸው። ሙቀት ሲጨምር ልዩነቱ ይጠባል፤ ሥርዓቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የካልኩሌተር ስክሪን የሚሠራው በዚህ ልዩነት ነው። ፈሳሹ በሁለት የተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል ተጠማዞ ተቀምጧል፤ የብርሃኑን አቅጣጫ 90 ዲግሪ አዙሮ ያሳልፈዋል። ኤሌክትሪክ ያገኘው ቦታ ግን ጥምዙ ስለሚፈታ ብርሃን አያልፍም፤ ጥቁር አሃዝ ይታያል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ፈሳሹ በሙሉ ማዞሩን ያቆማል፤ ስክሪኑም በሙሉ ይጠቁራል። በብርድ ደግሞ ፈሳሹ እንደ ረጋ ማር ይወፍራል፣ ሞለኪውሎቹም ለመዞር ይዘገያሉ። ተስቢሁ ግን ቆጠራውን አልሳተም፤ የዘገየው ማሳያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ ሃል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ በክፍል ሙቀት የሚሠራ የማይበላሽ ውህድ ይፋ አደረጉ። እሱም ብቻውን ሥርዓቱን የሚጠብቀው እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርዱንም ሙቀቱንም እንዲችል ለስክሪን የተለያዩ ውህዶች ይቀየጣሉ።

ስለዚህ የጠቆረውን ስክሪን ከመቀየር በፊት ጥላ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ አልተቃጠለም። በብርድ የደበዘዘውን በመዳፍ ማሞቅ ይበቃል፤ እሳት ዳር ማስጠጋት ግን አያስፈልግም። ቀዝቅዞም ጥቁር ከሆነ ያኔ ጠጋኝ ይየው።

አገር ቤት ስንገባ እናቶቻችን «ዩኒቨርሲቲው ምን አስተማራችሁ?» ይሉናል። የሥርዓት መለኪያውን ቀመር ብንጽፍላቸው አይጠቅማቸውም፤ በቂብላና በሶፍ ስንነግራቸው ግን ይገባቸዋል፣ ብራቸውም ይተርፋል። መድረሳ የቀራነውና ትምህርት ቤት የተማርነው አንዱ ሌላውን የሚያስለቅቅ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው አንደበት ይሆነዋል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከተማርነው አንድ ነገር ለቤተሰብ በሚገባ ቋንቋ ይዘን እንግባ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። አሚን።