የሐረርን ታሪክ ያስቀመጠ ቤት

የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም የሚገኘው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚጠራው ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው። ከፈረስ መጋላ ተነስቶ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ይታጠፍና ከቤቱ በር ይደርሳል። ሕንፃው የሐረሪ ቤት አይመስልም። በረንዳውና የተቀረጸው እንጨቱ በከተማዋ ይነግዱ የነበሩትን የሕንዶች እጅ ይመሰክራል። ተፈሪ መኮንን የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳልፈዋል ይባላል፤ አስጎብኚዎችም ይህን ወሬ ሳይነግሩ አያልፉም። የቤቱ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው።

ሙዚየሙን ያቋቋመው መንግሥት አይደለም። የከተማዋ ተወላጅ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ የደርግ ሥርዓት ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ በራሳቸው ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። ያገኙትን ሁሉ በመኖሪያ ቤታቸው እያስቀመጡ ለጎብኚ ያሳዩ ነበር። የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪን ቤት የሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስብስቡ ቤት ያገኘው ከተሰበሰበ በኋላ ነው ማለት ይቻላል፤ በብዙ ቦታ ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ዕቃ የሚፈለግለት መሆኑን ላየ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕቃው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሐረር ሰው ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ከተማዋን ያዙ። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ጦርነት በምኒልክ ሠራዊት ተሸነፉና ለዘመናት ራሷን ስታስተዳድር የኖረችው ሐረር ነፃነቷን አጣች። በ1940 ዓ.ም. የኩሉብ እንቅስቃሴ የሚባለው ተቃውሞ በእስራትና በንብረት መወረስ ሲያከትም፣ ብዙ ቤተሰቦች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ደርግ ደግሞ ከዚያ በኋላ መጣ። ይህን ሁሉ ያየ ቤተሰብ የአያቱን መጽሐፍ አደባባይ አያወጣም። አቶ አብዱላሂ በየቤቱ እየዞሩ መጀመሪያ የገዙት በገንዘብ ነበር፤ ዕቃው ከከተማዋ እንደማይወጣ፣ ይልቁንም ታድሶ ለሕዝብ እንደሚታይ ሲታወቅ ግን በስጦታ የሚያመጣው ሰው በዛ። የሙዚየሙ ትልቁ ሀብት ይህ እምነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከስብስቡ ሁሉ የሚልቀው የእጅ ጽሑፍ ክፍሉ ነው። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የብራና ሳይሆን የወረቀት ጽሑፎች አሉ፤ ብዙዎቹ ቁርኣን ናቸው፤ ሌሎቹ የሕግ፣ የሰዋስው፣ የጸሎትና የውዳሴ መጻሕፍት ናቸው። አብዛኛው በዓረብኛ የተጻፈ ሲሆን፣ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቋንቋም ይገኛል፤ ዐጀሚ የሚባለው ነው። ወረቀቱ የተሠራው ሐረር አይደለም። ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጣሊያን፣ በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ የመጣ ነው። ገጹ ወደ ብርሃን ሲያዝ በውስጡ የታተመው የፋብሪካ ምልክት ይታያል፤ ሦስት ጨረቃ የተደረደሩበት በብዛት ያጋጥማል። ጸሐፊው ዘመኑን ባልጻፈበት መጽሐፍ ላይ ተመራማሪዎች ዕድሜውን የሚገምቱት በዚህ ምልክት ነው።

ጥራዙ ግን የሐረር ነው። የቆዳው ሽፋን በስተግራ በኩል እንደ ፖስታ የሚታጠፍ ክዳን አለው፤ መሐሉ ላይ በብረት ማኅተም ተጭኖ የወጣ ሐረግ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ስለ ሐረር ብዙ ነገር ሲያጣጥል ጥራዟን ግን አድንቆ ጽፏል። ሙያው ከጊዜ በኋላ ጠፍቶ ነበር። አቶ አብዱላሂ ከከተማው ያገኟቸውን አሮጌ የጥራዝ መሣሪያዎች ይዘው ሥራውን ለራሳቸው አስተማሩ፤ ከዚያም ለሌሎች አሳዩ። በምስጥና በእርጥበት የተበሉ መጻሕፍት ዛሬ በዚያው ሥልት እንደገና ይጠረዛሉ። ከመስታወት ጀርባ ከተደረደረው ይልቅ ይህ የጥገና ሥራ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ጎብኚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ይወጣል።

በሌሎቹ ክፍሎች አሚሮቹ ያሳተሟቸው ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎችና ጋሻዎች፣ የብር ጌጣጌጥ፣ የሴቶች የሐር ልብስ ተቀምጠዋል። መግለጫቸው አጭር ነው፤ የአንዳንዱ ባለቤት ማን እንደነበረ ብቻ ተጽፎ ያበቃል።

የቤት ዕቃው በሙዚየም መታየቱ ግን ያጠራጥራል። የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ራሱ የተደራጀ ሥርዓት ነው። ዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ የትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። መደቦቹ በቀይ አፈር ይለቀለቃሉ፤ ቀለሙ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ አሉ። ግድግዳው ላይ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ መስኮቶች አሉ፤ ከእነሱ በላይ ሰፌዱና ሳህኑ ይሰቀላል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል። አንድ ሰፌድ ከዚህ ቦታው ወጥቶ ሙዚየም ሲገባ ውበቱ አብሮት ይሄዳል፤ የሚናገረው ነገር ግን ግማሹ እዚያው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሙዚየሙን ያየ ሰው ከዚያ ወጥቶ ለእንግዳ ክፍት ከሆኑት የሐረሪ ቤቶች በአንዱ ነደባ ላይ ቢቀመጥ ጉብኝቱ ይሟላለታል።

ከሙዚየሙ ብዙም የማይርቀው የራምቦ ቤት የቀድሞዋን ሐረር ፎቶግራፎች ይዟል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከ1880 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በተለያየ ጊዜ ሐረር ኖሮ ነግዷል፤ በዚህ ቤት ግን አልኖረም። ስሙ ቱሪስት ይጠራል፤ ፎቶዎቹ ለከተማው ሰው የበለጠ ይጠቅማሉ፤ የፈረሰ በርና የተለወጠ ገበያ የሚታየው እነሱ ላይ ነውና።

ሁለቱንም ቤቶች የከበበው የጀጎል ግንብ ራሱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተማዋ ገዢ በአሚር ኑር እንደተሠራ ይነገራል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና የዝየራ ቦታዎች አብረው ተቆጠሩ። በ2023 ደግሞ የሹዋሊድ በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። በዓሉ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ዚክር በሚባለው የውዳሴ ዜማና በከበሮ የሚከበር ነው። ሙዚየሙ ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን የድሮ የሐረሪ ዜማዎችን ቅጂ አሰባስቧል፤ የበዓሉ ዚክር ግን ዛሬም ልጆች ከእናቶቻቸው ጎን ቆመው የሚማሩት ነው።