ሌሊት የሚያም ጉልበት

ሞጣ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ጉልበቱን ሲያመው ጥፋቱን ሁላችንም ኳስ ላይ ጣልነው። 14 ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሜዳ፣ ከሜዳ ሲመለስ ማነከስ። አክስቴ በቅቤ ታሸዋለች። ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅሰው ግን ለማንም አልተናገረም፤ ኳስ እንዳይከለከል ፈርቶ ነው።

እብጠቱ ሲጨምር ቢቸና ወዳሉት የቤተሰባችን ወጌሻ ወሰዱት። እኚህን ሰው አላማም። በልጅነቴ ክረምቱን ቢቸና አያቴ ጋ ሳሳልፍ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ልጁን ሁለት ጊዜ አሹት፤ በሦስተኛው እጃቸውን አነሱ። «ይሄ ወለምታ አይደለም። አጥንቱ ላይ ያደገ ነገር ነው። ከእንግዲህ አልነካውም፤ ራጅ ይነሳ» አሉ። ከዚያ የሄዱበት አንድ ክሊኒክ «መግል ነው» ብሎ ሊበጣው ሲል አክስቴ እምቢ አለች። ልጇን ይዛ በደጀን አድርጋ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግራ፣ አዲስ አበባ እኔ ቤት ገባች።

የአጥንትና የጡንቻ ዕጢ ብቻ የሚያክም ቀዶ ሐኪም እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና፣ ቀጥሎ የአጥንት ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ የዕጢ ሥልጠና፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሚፈጅ ትምህርት ነው። እኔ ቶሎ ቢላ ያነሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ራጁን፣ ኤምአርአዩን፣ የደረቱን ሲቲ ስካን ደጋግመው አዩ። ናሙናውንም ራሳቸው በመርፌ ወሰዱ። ለምን ሌላ ሰው እንዳልወሰደው ጠየቅኳቸው። ካንሰር ከሆነ መርፌው ያለፈበት መስመር ጭምር በቀዶ ሕክምናው መውጣት አለበት፤ እንደ መግል የተበጣ ከሆነ ደግሞ ካንሰሩ ወደ ጤነኛው ሥጋ ይበተናል አሉኝ። የአክስቴ እምቢታ ያኔ ገባኝ።

ውጤቱ ኦስቲዮሳርኮማ ሆነ። አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት የጉርምስና ዕድሜ፣ ባብዛኛው ጉልበት አካባቢ የሚነሳ ካንሰር ነው። ኳስ አያመጣውም፤ ቡዳም አይደለም። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሕክምናው መቁረጥ ብቻ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ከአምስት ታማሚዎች አራቱ ያህል ይሞቱ ነበር፤ ካንሰሩ ቀድሞ ሳንባ ገብቷልና። ኬሞቴራፒ ከመጣ ወዲህ ሳይሠራጭ ከተደረሰበትና ሙሉ ሕክምና ከተገኘ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይድናሉ፤ ብዙዎቹም ከነእግራቸው።

«እግሩ ይቆረጣል ወይ ዶክተር?» አለች አክስቴ።

«አሁን አላውቅም እናቴ። መድኃኒቱ ምን እንደሠራ አይቼ እነግርዎታለሁ።»

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሙያ ለደንበኛ «አላውቅም» ማለት ነውር ነው። አክስቴ ሐኪሙን ያመነቻቸው ግን ያን ቀን ነው።

ከኬሞቴራፒው በኋላ ዕጢው ዋናውን የደም ሥር እንደከበበ ታየ። ሐኪሙ ወንበር ስበው ልጁ ፊት ተቀመጡና ለእኛ ሳይሆን ለእሱ ነገሩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «በረኛ መሆን እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«በክራንች በሚጫወቱት ኳስ በረኛው አንድ እጁ የሌለው ሰው ነው» አሉት። «አንድ እግር ያለው ሜዳ ውስጥ ነው የሚጫወተው። አንተ አጥቂ ነህ።»

እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። አሁን ሞጣ ተመልሶ ትምህርቱን ይማራል፤ በየሦስት ወሩ ደረቱን ለመታየት ይመጣል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከመስቀል በኋላ ነው። መንገድ ላይ ቢቸና ወርደው ወጌሻውን ሊጠይቁ እንዳሰቡ አክስቴ ነግራኛለች።