አባታችንን ማን ጠየቃቸው?

የወላጅ ሐቅ ሲነሳ አብዛኞቻችን የሚታየን ማብላት፣ ማልበስና ማሳከም ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በቤታችን የደረሰው ነገር ግን የዘነጋነው አንድ ሐቅ እንዳለ አሳየን። ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅም ይሆናል በማለት፣ አባታችንንም አስፈቅደን፣ እነሆ ጽፈነዋል።

አባታችን የ82 ዓመት አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መርካቶ ውስጥ ልብስ በመስፋት ነው። አንድ ቀን ለሱብሒ ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ላብ አጠመቃቸው፤ አቅለሸለሻቸው። ደረታቸውን ግን አላመማቸውም። «ጨጓራዬ ነው፤ ዝንጅብል አፍሉልኝ» አሉ። እኛም አምነን አፈላን። ሁለት ሰዓት ያህል በዚህ ባከነ። በአረጋውያን ላይ የልብ ሕመም ያለ ደረት ውጋት ሊመጣ እንደሚችል ያወቅነው ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ነው። ይህን የምታነቡ ሁሉ እንደኛ አትዘግዩ።

የኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ተደረገላቸው፤ ደማቸውም ታየ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባው ትሮፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ። የልብ ሐኪሟ ሰብስበው አስረዱን። ሰው «ሃርት አታክ» የሚለው ሕመም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለልብ ደም የሚያደርሰው ሥር ጨርሶ ሲደፈን የሚመጣው ነው፤ በዚህ ጊዜ ሥሩን በፍጥነት መክፈት ያስፈልጋል፤ እርጅና ብቻውን ይህን አይከለክልም። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ሥሩ ጠብቦ ደሙ በከፊል ሲያልፍ የሚመጣው ነው። የአባታችን ይህኛው ነበር።

ለዚህኛው ሁለት መንገድ አለ አሉን። አንዱ በመድኃኒት ብቻ ማከም ነው፤ እንደ አስፒሪን ያሉ የደም መርጋትን የሚከላከሉ፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱና የልብን ጫና የሚያቀሉ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። ሌላው ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ በኩል እስከ ልብ ድረስ አስገብቶ፣ ቀለም ረጭቶ በራጅ ማየትና የጠበበውን ሥር ስቴንት በሚባል የብረት መረብ ማስፋት ነው። በሸመገለ ሰው ላይ ቀለሙ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ደምም ሊፈስ እንደሚችል አልደበቁንም።

ክርክራችን የተጀመረው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ጅዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን በስልክ፣ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ ዛሬውኑ ይሠራላቸው! ክኒን ሰጥቶ ማስቀመጥ ሞታቸውን መጠበቅ ነው» አለ። ታናሽ እህታችን ደግሞ፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ገላቸው አይነካካ፤ አጀል በአላህ እጅ ነው» ብላ አለቀሰች። እሱ እሷን ተስፋ ቆራጭ አላት፤ እሷም እሱን በገንዘቡ ከሩቅ ሊያዘን ይፈልጋል አለችው። እኛ የቀረነው በሁለቱ መካከል ቆመን ዝም አልን።

ሐኪሟ ሰምተውን ኖሮ ወደ ክፍላቸው ጠሩን። እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪታንያ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የአባታችን ዓይነት ሕመም የያዛቸው 1,518 ሰዎች ለአራት ዓመታት ያህል የተከታተለ ጥናት መውጣቱን ነገሩን። በልብ ሕመም በመሞት ረገድ በሁለቱ መንገዶች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሕመሙ እንደገና የመጣባቸው ግን በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶ 15፣ ቱቦው ከገባላቸው ከመቶ 12 ያህል ነበሩ። «እንግዲህ ክኒኑ መተው አይደለም፤ ቱቦውም ዕድሜ መጨመሪያ አይደለም» አሉን። ቀጥለውም፣ «አባታችሁ አእምሯቸው ንጹሕ ነው። ለመሆኑ እሳቸውን ጠይቃችኋል?» አሉ።

አንገታችንን ደፋን። በሹራ የምናምን ሰዎች ስለ አባታችን ገላ ስንመክር ባለቤቱን አልጠራንም ነበር።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠን ሁሉንም ሳንደብቅ ነገርናቸው። አባባ በጸጥታ ሰምተው ሐኪሟን፣ «ልጄ፣ ቱቦው ቢገባልኝ አንዋር መስጊድ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሟም፣ «ይህን በእርግጠኝነት ቃል ልገባልዎ አልችልም። ሕመሙ የመመለሱን ዕድል ግን ይቀንሳል። ኩላሊትዎ ደከም ያለ ስለሆነም ያሰጋኛል» አሉ። አባባ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያስ በመድኃኒቱ እንጀምር። ሕመሙ ከተመለሰ ያኔ እንነጋገራለን። እናንተም በእኔ ምክንያት አትቀያየሙ» አሉ። ያን ምሽት ለወንድማችን ራሳቸው ደወሉለት። አልቅሶ ተቀበላቸው።

የመድኃኒት መንገድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ክኒኑ በየቀኑ በሰዓቱ መዋጥ አለበት። ረመዷን ሲገባ ሐኪሟ እንዳይጾሙ አዘዟቸው። ለአባባ ከሕመሙ ይልቅ ይህ ከበዳቸው። ዓሊም ጠይቀው፣ መዳኑ ተስፋ ለማይደረግ ሕመም ሩኽሳ መኖሩ ሲነገራቸው በየቀኑ ሚስኪን በማብላት ፊድያቸውን አወጡ። ገንዘቡን የላከው ያው ጅዳ ያለው ወንድማችን ነው፤ ምግቡን የሠራችውም ታናሽ እህታችን።

አልሐምዱሊላህ፣ አባባ ዛሬ ሰፈራችን ወዳለው መስጊድ በዝግታ ይሄዳሉ፤ ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። ደረጃ ወጥተው ትንፋሽ ሲያጥራቸው እርስ በርስ እንተያያለን፤ ያኛው መንገድ ይሻል ነበር ይሆን የሚለው ሐሳብ አልለቀቀንም። የሌላ ሰው አባት ቱቦውን ቢመርጥ እሱም ተገቢ ምርጫ ነው። መታከም ሰበብ ማድረስ ነው፤ ፈውሱ ከአላህ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ወላጆቻችሁን አሳክሙ፤ ከማሳከማችሁ በፊት ግን ጠይቋቸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያውን ይስጥልን። አሚን።