ደካማ እናት አለችኝ

ቡታጅራ ገበያ ቃሪያ ልገዛ ጎንበስ ስል ሻጯ «ይሄ ሰነፉ ነው፤ ያኛው ያቃጥላል» አለችኝ። የማረቆ በርበሬ ጎረቤት ለሆነ ገበያ የማያቃጥል ቃሪያ ሰነፍ ቢባል አይፈረድበትም። ሻይ ደግሞ ቅጠል ሲያንሰው «ቀጠነ» እንለዋለን። ቡናማ ከሁሉም የተሻለ ስም ደርሶታል። አቦልና ቶና ተጠጥተው አተላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈላ፣ ያ የሳሳው ሲኒ በረካ ይባላል። እንግዳም በረካውን ሳይጠጣ እንዲነሣ አይፈቀድለትም።

«ደካማ» የሚለውን ቃል ለሰው አስቀርተነዋል። ግምገማ ላይ ደካማ ጎን አለ፣ ትምህርት ቤት ደካማ ተማሪ አለ፣ ክረምት ሲገባ ወጣቶች ቤታቸውን የሚያድሱላቸው አቅመ ደካሞች አሉ። የቃሉ ክብደት የገባኝ ግን ወልቂጤ መናኸሪያ ነው። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ወደ ገጠር የሚሄደው መኪና አልሞላ ብሎት ረዳቱን ይለምናል፦ «እባክህ እንሂድ፤ ደካማ እናት አለችኝ፣ መንገድ መንገድ እያየች ነው።»

እናቱን አላውቃቸውም። እኩዮቻቸውን ግን እንሰት ሲፍቁ አይቻለሁ። ዘመም ብሎ የቆመ ሳንቃ ፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው እንሰቱን በተረከዛቸው ይይዛሉ፤ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይጎትታሉ። ነጩ ውሃ በክንዳቸው ይወርዳል። ቃጫው ለብቻው ይቀራል፣ የተፋቀው ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ልጅ ያደገው በዚህ ነው።

አማርኛ ልፋትንም ዝለትንም «ድካም» ይላቸዋል። «ድካሜን አትርሳ» የምትል እናት ጉልበቷ የት እንደዋለ እየተናገረች ነው። ጉራጌዎችም የረሱ አይመስለኝም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ሠርተው ያገኙትን አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት የጀመሩት፣ በዚያኛው ጫፍ የሚጠብቅ ሰው ስለነበራቸው ነው።

መኪናው በመጨረሻ ሞላ። ልጁ ስኳሩንና ጋቢውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሄደ። ደጃፉ ሲደርስ እናቱ አገላብጠው ስመውት መጀመሪያ የሚጠይቁትን፣ በጉራግኛም ይሁን በአማርኛ፣ አውቀዋለሁ፦

«ደከመህ ልጄ?»